ኮከብ ያለበት ጥያቄ

እናቴ ከእድራችን ልትወጣ የደረሰችው በእኔ ምክንያት ነው። በስልክ በሠራሁት ፎርም፣ ቁጥር ዐሥራ አራት ላይ በጻፍኩት አንድ ጥያቄ። ጥያቄው «ልጆችዎ የአብራክ ናቸው ወይስ በጉዲፈቻ ያሳደጓቸው?» ይላል። ከጎኑ ቀይ ኮከብ አለው፤ ሳይመለስ አይታለፍም ማለት ነው። እናቴ ያለቻት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፣ እሷም እኔ ነኝ። በጉዲፈቻ ያደግኩ መሆኔን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ይህን ከመጀመሪያው የተናገርኩት ኋላ ላይ ድንገት ላፈነዳባችሁ ስላልፈለግኩ ነው። እኔ ላይ አንዴ ፈንድቷል፣ ይበቃል። የምጽፈው ለማመስገን ነው። የማመሰግነው ሁለት ሰውና አንድ አዋጅ ነው። አዋጅ ደግሞ ይመሰገናል እንዴ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። እኔም ድሮ ብሰማው እስቅ ነበር።

አሰላ ውስጥ፣ ፍርድ ቤት አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሥራ ሲበዛበት የሚያቃስት አንድ ኮፒ ማሽን። አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎችን በኦንላይን እመዘግባለሁ፣ መታወቂያ ስካን አደርጋለሁ። ባለባጃጁ መንጃ ፈቃድ ሊያሳድስ፣ ባለጋሪው ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ሲል መጀመሪያ እኔ ጋ ይመጣል። ኮምፒውተሬ ላይ «የተለያዩ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። የግማሽ አሰላ መታወቂያ እዚያ ውስጥ ነበረ ብል ብዙ አላጋነንኩም። ደንበኛ ተመልሶ ሲመጣ «አንተኮ እኔ ጋ አለህ» እለው ነበር፣ በኩራት። እሱም ደስ ይለው ነበር።

ጠባዬን ካላወቃችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። ቁጡ ነኝ፣ አፌም ፈጣን ነው። ሥራ የሚያንዛዛ ሰው አልወድም። አንድን ነገር ልክ ነው ካልኩ ደግሞ ከያዝኩት አልለቅም፤ እናቴ «አንቺን የያዘሽ ሙጫ ይውሰደኝ» ትለኛለች።

የሰፈራችን እድር ድብልቅ ነው። ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ፣ አያቶቹ ከሸዋ የመጡትና ከስልጤ መጥቶ ሱቅ የከፈተው፣ የአርሲ ኦሮሞውም በአንድ ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። በዓመት አንድ እሁድ የስም ንባብ አለን። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ በጉባኤ ፊት የእያንዳንዱን ቤት ያነባል፤ አባወራ፣ ባለቤት፣ ልጆች፣ ወላጆች። የተነበበለት ሰው ብድግ ብሎ «ልክ ነው» ይላል፤ የተወለደም የሞተም ካለ ያሳርማል። አባቴ ከሞተ በኋላ የምትነሣው እናቴ ነበረች። አንባቢው «ልጅ፣ አንዲት» ይላል። እናቴ «ልክ ነው» ትልና ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። በልጅነቴ አጠገቧ ሆኜ ይህን ስትል መስማት ደስ ይለኝ ነበር። «አንዲት» የተባልኩት እኔ ነኛ።

የድሮው ጸሐፊ ዓይናቸው ሲደክም መዝገቡ ወደ እኔ መጣ። ኮምፒውተር አላት ተባለ፣ አለቀ። በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ተፈጠረ። አገሩ በኦጎልቾ በኩል የሆነ አንድ ነጋዴ አባላችን እናቱ ሞተችበትና ድንኳን ጥለን አስተዛዘንነው። ዓመት ሳይሞላ «እናቴ ሞተችብኝ» ብሎ ደግሞ መጣ። ኮሚቴው ተያየ። ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ነኝ በሰው ፊት «ሰው ስንት ጊዜ ነው እናቱ የምትሞትበት?» ያልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። ወደ እኔ ዞሮ «ሁለቱም ሀርሜ ናቸው» አለኝ፣ እናቴ ማለቱ ነው በኦሮምኛ። «አንዷ ወለደችኝ፣ አንዷ አሳደገችኝ። የትኛዋን ልተው?»

ድንኳኑ በአይሱዙ ተጭኖ ኦጎልቾ ድረስ ሄደ። ኮሚቴው ግን በኋላ ተሰብስቦ «እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደናገረን፣ በየቤቱ ማን በጉዲፈቻ እንዳደገ ከአሁኑ ይመዝገብ» ብሎ ወሰነ። የሰው ልጅ ወስዶ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ በአርሲ የቆየ ወግ ነው። ልጁ ያሳደገው ሰው ልጅ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ «አንተኮ የእነ እንትና ነህ» ብሎ ማንሣት ነውር ነው፣ ሰው ይጣላበታል። ይህን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔም እያወቅኩ ያንኑ ነውር ቁጥር ሰጥቼ ጻፍኩት።

ፎርሙን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠራሁት። ሥራዬ ፎርም መሙላት ስለሆነ በየቦታው ያየሁትን ጥያቄ ሁሉ ሰበሰብኩ፤ ሃይማኖት፣ የደም ዓይነት፣ ሥር የሰደደ በሽታ፣ የመታወቂያ ፎቶ ከፊትና ከኋላ። የደም ዓይነት ለእድር ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የቀብር ማኅበር እኮ ነው፣ ደም ባንክ አይደለም! ለነገሩ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ፎርሙ በረዘመ ቁጥር ቁም ነገር የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። የአብዛኛው ጥያቄ ጎን ላይ ኮከብ አደረግኩበት። መጨረሻው ላይ «የሞላሁት ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ጨመርኩ። ከዚያ መልሱ የሚጠራቀምበትን ሰንጠረዥ ለሁሉም ክፍት አድርጌ፣ ሊንኩን የእድሩ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት፤ «ሁሉም ሰው ገብቶ የራሱን ያረጋግጥ» ብዬ።

ለእኔ ይህ የስም ንባብ ነበር። በአዳራሽ የሚነበበው በስልክ ተነበበ፣ ምን ልዩነት አለው? በአዳራሽ የሚነበበው ስምና ቁጥር ብቻ መሆኑ አልታየኝም። የሚሰማው ጎረቤት መሆኑ፣ የተነበበውንም ማንም ኮፒ አድርጎ ወደ ሌላ ከተማ እንደማይልከው አላሰብኩም።

እናቴ ለመሙላት ወደ ሱቄ መጣች። ቀኑ ዝናባማ ነበር፤ ጃንጥላዋን በሩ ጋ አቁማ የደንበኛ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስልክ ትችላለች፣ ከእኔ ይልቅ ቀስ ትላለች እንጂ። እየሞላች ሄደች ሄደችና ቆመች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«መነጽሬን አልያዝኩም።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩብኝ። «አምጪው ልሙላልሽ» አልኩና ስልኩን ከእጇ ልወስድ ስል ቁጥር ዐሥራ አራትን አየሁ። «የአብራክ ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ እማዬ!» ብዬ ጣቴን ላሳርፍ ስል እጄን ያዘችው። አጥብቃ ነው የያዘችኝ።

«ተይ» አለች። «ታች መሐላ አለበት።»

«እና እውነቱን ሙዪዋ!»

አየችኝ። እንደዚያ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጃንጥላዋን እዚያው ትታ በዝናቡ ወጥታ ሄደች። እኔ ደግሞ ወደ ደንበኞቼ ዞሬ «እርጅና ነው» አልኩ። ሰው ሳቀልኝ።

በሳምንቱ ያልሞሉትን ሰዎች ስም ዝርዝር ቴሌግራሙ ላይ አወጣሁ። የእናቴን ስም ሦስተኛ ላይ አደረግኩት። ለእናቷም አታዳላም እንዲባልልኝ ነው፤ ተባለልኝም። ማታ እራት ላይ ግን እናቴ እንጀራውን ሳትነካ «ከእድሩ ልወጣ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ የቀለደች መሰለኝ። እኛ ዘንድ ከእድር መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ለቅሶ ቀርታ አታውቅም፤ ወጥ ተሸክማ፣ ወንበር ተሸክማ፣ ጭቃ ረግጣ ደርሳለች። አባቴን የቀበረው ያ እድር ነው። እሷም ቀኗ ሲደርስ የሚቀብራት እሱ ነው።

«ማን ሊቀብርሽ ነው ታዲያ?» አልኳት።

«እግዜር ያውቃል።»

«በአንድ ፎርም ምክንያት?»

«በአንድ ፎርም ምክንያት።»

ጮህኩባት። አሳፈርሽኝ አልኳት፣ ጸሐፊዋ ልጅሽ ሆና እንዲህ ታደርጊያለሽ ወይ አልኳት። ሰሃኑን አነሣች። ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው ስለ ውኃና ስለ መብራት ብቻ ሆነ። እናቴ በራሷ እድር ላይ እንግዳ ልትሆን ነው፣ ምክንያቱን ደግሞ አልነግርም ትላለች። ተናደድኩ፣ ከንዴቱ በታች ግን ፈርቼ ነበር።

አሁን ስለ ጋሼ ልናገር። ጋሼ የምላቸው የእድራችን ኮሚቴ አባል ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነበር የሠሩት። ወረቀታቸውን ሁልጊዜ በፌስታል ጠቅልለው ይይዛሉ፣ በበጋም ቢሆን። ሱቄ ከተከፈተ ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው። በዚያው ሳምንት አንድ ጠዋት መጡና «የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ የሚባል ወጥቷል አሉ። ከኢንተርኔት አውጥተሽ አትሚልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከማን ጋር ሊካሰሱ ነው?»

«ከአንቺ ጋር» አሉኝ። ሳቅን፣ ሁለታችንም።

ወረቀቱ ብዙ ነበር። ቀለሜን ጨረሱት ብዬ እያጉረመረምኩ አተምኩላቸው። ቤት ወስደው ያነባሉ ስል እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እስክሪብቷቸውን አወጡ። እስከ ምሳ ሰዓት አነበቡ፣ አሰመሩ። በመካከል ቀና ሲሉ በሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ የእድሩ ሰንጠረዥ ተከፍቶ አዩ። የሰው በሽታ፣ የሰው ልጅ፣ የሰው መታወቂያ። መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «ዝጊው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የማየው ነገር አይደለም።» ምን ያካብዳሉ ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጉባኤው ተቀመጠ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የሚናገር ሰው ሁሉ ይጮኻል። እናቴ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። እጇ ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ነው። ልጇ የጽሕፈት ቤት እያላት በእጇ ነው የጻፈችው።

የእድሩ ዳኛ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ ደብዳቤ ያለው ያቅርብ ከማለቱ በፊት ጋሼ ተነሡ። ከፌስታላቸው ያን እኔው ያተምኩትን ወረቀት አወጡ።

«ይህ አዋጅ እድርን ይመለከታል አይመለከትም ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ» አሉ። «እኔ ዳኛ አልነበርኩም፣ መዝገብ ጠባቂ ነበርኩ፤ አልከራከርም። የሚለው ነገር ለእኛ ይበጃል ወይ፣ እሱን ብቻ እንየው።»

ከዚያ በራሳቸው አነጋገር ነገሩን። የሰውን የግል ነገር ስትጠይቅ ለምን እንደምትጠይቅ ንገረው ይላል፣ አሉ። ለዚያ ጉዳይ ከሚያስፈልግህ በላይ አትጠይቅ። ለአንድ ጉዳይ የሰጠህን ለሌላ አታውለው፤ ጉዳዩ ካለቀ አታቆየው። ጤናውን፣ ሃይማኖቱን፣ እንዲህ ያለውን ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅለት። «ፈቃዱን ስትቀበል ደግሞ በነጻነት ይሁን ይላል። እምቢ ማለት የማይችል ሰው ፈቅዷል አይባልም።» ቀና ብለው ወደ እኔ አዩ። «ጸሐፊያችን፣ ያ ቀይ ኮከብ ምን ማለት ነው?»

«ካልሞሉት አያሳልፍም ማለት ነው።»

«አየሽ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ብድግ አልኩ። ሰው ያጉረመርማል፣ ፎርሜ ሊፈርስ ነው። «ጋሼ፣ እድር ውስጥ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» አልኩ። «የሚደብቅ ሰው ካለ የሚያሳፍር ነገር ቢኖረው ነው!» ይህን ያልኩት እናቴ ከኋላዬ ተቀምጣ ነው። ዛሬም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ጋሼ አልተቆጡም። «ቤትሽ በር አለው?» አሉኝ።

«አለው።»

«ትዘጊዋለሽ?»

«እዘጋዋለሁ።»

«ምን ሰርቀሽ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። ዳኛው እጁን አንሥቶ ሰውን ጸጥ አሰኘና «ጋሼ፣ ድንኳኑስ?» አለ። «ይህን ካልጠየቅን ለማን እንደምንደርስ እንዴት እናውቃለን?»

«እድር ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው» አሉ ጋሼ። «ማን ቢሞትብዎ እንድረስልዎ? ይኸው ነው። አባሉ የሰጠንን ስም እንጻፍ። እናቴ ያላትን እናት ብለን እንመዝግብ። ትውለደው አትውለደው፣ እኛ አዋላጆች አይደለንም።»

ለጋሼ ሐሳብ መጀመሪያ እጁን ያነሣው ያ የኦጎልቾው ሰውዬ ነበር። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል ብዙ እጅ ወጣ፤ ያልጠበቅኩት ያህል ብዙ። ለካ ኮከቡ ያስጨነቀው ሰው እናቴ ብቻ አልነበረችም። አዳራሹ መሃል ቆሜ፣ ሁሉም እያየኝ፣ በስልኬ ቁጥር ዐሥራ አራትን ሰረዝኩ። የደም ዓይነቱን ሰረዝኩ፣ በሽታውን ሰረዝኩ፣ ሃይማኖቱን ሰረዝኩ። የገባውን መልስ አጠፋሁ፣ ሰንጠረዡን ዘጋሁ። ስጨርስ ወደ ኋላ ዞር ብል እናቴ ያን ወረቀት ደጋግማ አጥፋ ወደ ደረቷ ስትከተው አየኋት። ዳኛው «ደብዳቤ ያለው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ፣ ከወደ ብቅል ፋብሪካው ያ የምናውቀው የገብስ ሽታ ይመጣ ነበር። እናቴ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ገብስ ትለቅማለች። እኔ አኩርፌ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ነይ ተቀመጪ» አለችኝ። «አሁን የሚጠይቀኝ ስለሌለ ልንገርሽ።»

ነገረችኝ። እሷና አባቴ እዚሁ አርሲ፣ አርቦዬ ከተማ ይኖሩ በነበረ ጊዜ ነው። ልጅ አልወለዱም፤ ዓመታት አልፈዋል። አንዲት ጎረቤት ነበረቻቸው። ያቺ ሴት እኔን ለምን ለእነሱ እንደሰጠች እናቴ ነግራኛለች፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ምክንያቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ተስማሙ፣ አብረው ፍርድ ቤት ሄዱ፣ የጉዲፈቻ ውሉ ጸደቀ። እናቴ እኔን አዝላ አሰላ ስትገባ እዚህ የሚያውቃት ሰው አልነበረም፤ የራሷ ልጅ መሰልኳቸው።

«ስታድግ እነግራታለሁ አልኩ» አለች፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል። «አደግሽ፤ ትምህርቷን ትጨርስ አልኩ። ጨረስሽ፤ አባትሽ ሞተ፣ በሐዘን ላይ እንዴት ልንገርሽ። ከዚያ በኋላማ በጣም ቆየ። ለምን ደበቅሽኝ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። በስም ንባብ ላይ ልጅ፣ አንዲት ሲሉ ልክ ነው እላለሁ፤ እሱ ውሸት የለበትም። ያንቺ ኮከብ ሲመጣ ግን ወይ በመሐላ ልዋሽ፣ ወይ ልጄን በቴሌግራም ልንገራት ሆነብኝ።»

አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ብዬ። ከዚያ ደግሞ ጣቴ ቁጥር ዐሥራ አራት ላይ ሊያርፍ ሲል እጄን የያዘችበት አያያዝ ትዝ አለኝና እንደገና አለቀስኩ። ጥያቄው ባይሰረዝ ኖሮ ነገሩን በምን እሰማው ነበር እያልኩ አስባለሁ። አንድ ሳጥን ውስጥ ምልክት ተደርጎ፣ ስንት ሰው ካየው በኋላ። እሷ ግን በረንዳዋ ላይ፣ በራሷ ቃል፣ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ ነገረችኝ። ለዚህች ከሰዓት በኋላ ምን ያህል አመስጋኝ እንደሆንኩ በቃል አልጨርሰውም።

«ሌላ የሚያውቅ ሰው አለ?» አልኳት ሲመሻሽ።

«አንድ ሰው» አለች። «አርቦዬ ፍርድ ቤት መዝገቡን የጻፉት። ያን ቀን በዝናብ ከሱቅሽ የወጣሁት ወደ እሳቸው ቤት ነው።»

ጋሼ ነበሩ። በወጣትነታቸው ሥራ የጀመሩት አርቦዬ ነው፤ እሳቸውም እንደ እኛ ኋላ ወደ አሰላ መጡ። ዕድሜዬን ሙሉ ያውቁኛል። ሱቄ ይመጣሉ፣ ይቀልዱብኛል፣ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ሰው ሲጠይቀኝ አጠገቤ ቆመው ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳ በሌላ ዓይን አላዩኝም። ጉባኤው ላይ ያን ያህል ስዘልባቸው አንዲት ቃል ብትወጣቸው አፌን ባስያዘችኝ ነበር። አልወጣቸውም።

በማግስቱ ሙዝ ገዝቼ ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ እማዬ ነግራኛለች። ስለ መዝገቡ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

«የምን መዝገብ?» አሉ።

«የአርቦዬው። እርስዎ የጻፉት።»

«ልጄ፣ እናትሽ የነገረችሽ ነገር ካለ ከእሷ ሰምተሻል። መዝገብ ቤት የገባ ነገር መዝገብ ቤት ነው የሚቀረው፤ እኔ ዘንድ የለም።» ከዚያ ፌስታሉን ተቀበሉኝ። «ሙዙ ግን ከመጣ አይመለስም።» ሌላ ቃል አላወጡም፣ እስከ ዛሬም አላወጡም። ተቀምጠን ሙዝ በላን።

ከዚያ ቀጥታ ሱቄ ሄጄ «የተለያዩ» የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ሁሉም እኔን አምኖ የሰጠኝ ነው፣ ለአንድ ቀን ጉዳይ። ሙሉውን አጠፋሁት። አሁን የደንበኛ ሥራ ሲያልቅ ፋይሉን እሱው እያየ አጠፋለታለሁ። አንዳንዱ «ለምን ታጠፊዋለሽ፣ ደግሞ ይዤ ልመላለስ ነው?» ይለኛል። ተመላለስ እለዋለሁ። የኦጎልቾውንም ሰውዬ ሱቁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምን እንዳገኘኝ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

ይህን ጽሑፍ ከመጻፌ በፊት እናቴን አስፈቅጃለሁ። «ስሜን አታውጪ» አለች፤ ለዚህ ነው የማንም ስም የሌለው። «ቅር ካለኝ ደግሞ ትሰርዥዋለሽ» አለች። እሰርዘዋለሁ። የወለደችኝ ሴት በሕይወት አለች። አግኝቻታለሁ። የት እንደምትኖርና ምን እንደተባባልን አልጽፍም፤ እሷን ገና አላስፈቀድኩም።

ዘንድሮ የስም ንባቡ በጉባኤ ፊት መሆኑ ቀርቷል። አዳራሹ ጥግ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ቤት በተራው ይመጣና ለእሱ ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ ይነበብለታል። ያ ረጅም ፎርሜ በአንድ ገጽ አልቋል፣ አንድም ኮከብ የለበትም። የእናቴን እኔ አነበብኩላት። «ልጅ፣ አንዲት» ስላት ዓይን ዓይኔን እያየች «ልክ ነው» አለች። እኔም በራሴ ስም አባል ነኝ፤ ጸሐፊ ደግሞ የራሷን ራሷ አታነብምና የእኔን እንዲያነቡልኝ ወረቀቱን ለጋሼ ሰጠኋቸው። እናቴ አጠገቤ እንደተቀመጠች ነበረች።

«ማን ቢሞትብዎ እንድረስልዎ?» ብለው አነበቡ። «እናት፣ አንዲት።»

ልክ ነው ልል አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችው፣ እንደዚያ ቀን አጥብቃ። «ሁለት ይበሉ» አለቻቸው።

ጋሼ እስክሪብቷቸውን አነሡ፣ ግን አልጻፉም። ወደ እሷም አላዩም። «የስሙ ባለቤት እሷ ናት» አሉ። «እሷ ትንገረኝ።» ጠበቁኝ።

«ሁለት» አልኩ።

ጻፉና እንደገና አነበቡልኝ፤ «እናት፣ ሁለት።»

ብድግ ብዬ «ልክ ነው» አልኩ፣ ነጠላዬንም አስተካክዬ ተቀመጥኩ።